አንዴ ብቻ ለሚጠይቀው ጨዋታችሁ

ለተከበሩ የጨዋታው የሽንፈት ጉዳዮች ክፍል ዋና ኃላፊ
ባሉበት

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ተተክሎ የሚውለው ዓይንዎ፣ እንደጎበጠ የሚመሽበት ወገብዎስ ደኅና ነው? ከዚህም በላይ ብጠይቅዎ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን በእርስዎ ጨዋታ ውስጥ ሰላምታ ያስረዘመ ሰው ምን እንደሚያገኘው በራሴ ደርሶ ስላየሁት፣ ደብዳቤዬን ሳልጨርስ ተኩላ እንዳይበላኝ ፈርቼ እዚህ ላይ ልግታው።

የሽንፈት ጉዳዮች የሚባል ክፍል በመሥሪያ ቤትዎ መኖር አለመኖሩን በእርግጥ አላውቅም። ሆኖም ሰው በሰይፍና በዘንዶ መሸነፉ አልበቃ ብሎ፣ በሰላምታ፣ በእጥበት፣ በምግብና በእንቅልፍ ጭምር የሚሸነፍበትን መንገድ እንዲህ ተጨንቆና ተጠቦ የሚያወጣ አንድ አካል ሳይኖር አይቀርም ብዬ ክፍሉን ራሴ አቋቁሜ፣ እርስዎን ሾሜበታለሁ። ሹመቱን ካልወደዱት ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ራሴን ላስተዋውቅ። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ስልዎ ወንበር ያለኝ እንዳይመስልዎ። ከማድረቂያው ማሽን የሚወጣውን አንሶላ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ጫፍና ጫፉን ይዘን፣ ወደኋላ ሄደን ስንወጥር፣ ወደፊት መጥተን ስናጥፍ፣ ደግሞ ወደኋላ ሄደን ስንወጥር ይመሻል። ቤት ስገባ ደግሞ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ያለ ሰው ድጋፍ የማትነሳ እናቴ ትጠብቀኛለች። የእሷንም አንሶላ የምቀይረው እኔ ነኝ፤ ያኛውን ጫፍ የሚይዝልኝ ግን የለም። ይህን የማነሳው እንዲያዝኑልኝ አይደለም። የሚጽፍልዎ የደከመው ሰው መሆኑን አውቀው፣ ዓረፍተ ነገሬ መሐል መንገድ ላይ ቢያንቀላፋ በትዕግሥት እንዲቀሰቅሱት ብዬ ነው።

በግልጽ ደብዳቤ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ ምክንያቱን ላስረዳ። አስቀድሜ በሥርዓቱ ለደንበኞች አገልግሎታችሁ በዚያች በትንሿ መስኮት በኩል ጽፌ ነበር። ሰው ይሁን ማሽን ያልለየሁት አንድ እጅግ ትሑት ፍጡር ቅሬታዬ እንደደረሰው ገለጸልኝና፣ ሌላ የሚረዳኝ ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። እኔም እንደማንኛውም ይሉኝታ ያለው ሰው «አይ፣ አላስቸግራችሁ» ብዬ መለስኩ። እንዲህ ያልኩት እሱ «ኧረ ምን ችግር አለው፣ ይንገሩን እንጂ» እንዲለኝ፣ እኔም ያን ጊዜ የሆዴን ዘርግፌ እንድነግረው ነበር። መስኮቷ ተዘጋች። ወዲያው ጉዳዬ በሙሉ እርካታዬ መጠናቀቁን የሚያበስር መልእክት ደረሰኝ። መርካቴን ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ፤ እናንተ ባትነግሩኝ ኖሮ ሳላውቀው እቀር ነበር።

አሁን ጨዋታችሁ እንዴት ወደ ቤቴ እንደገባ ልንገርዎ፣ በደሌ ያለዚያ አይገባዎትምና።

ታናሽ ወንድሜ ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ የሚኖረው በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በሚወስድ ሌላ ከተማ ነው። እናታችን የወደቀች ሰሞን መጥቶ ሰነበተና፣ ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ፣ እናታችንን እሱ ጋ ይውሰዳት እንደሆን ጠየቀኝ። እኔም «አይ፣ አንተ ደግሞ ምን በወጣህ፣ ሥራህን ያዝ» አልኩት። ታዲያ ምን ልበለው? እሰይ ገላገልከኝ፣ በል ቶሎ አንሳልኝ ልበል? እንዲህ ያለ ነገር ሲጠየቅ መጀመሪያ አይ ይባላል፤ ጠያቂው ይደግማል፤ አሁንም አይ ይባላል፤ ጠያቂው እምቢ ካልሽማ እቀየምሻለሁ ይላል፤ ያን ጊዜ ደስ ባይልም እንደማለት ተብሎ እሺ ይባላል። እኔና እሱን ያሳደገችን አንዲት እናት ናት፤ ያደግነውም በአንድ ቤት ነው። ወንድሜ ግን ክሩን አስሮ ጨረሰና ቀና ብሎ ሄደ። ኋላ እንደሰማሁት ለሚስቱ፣ ቤቴን ንቃ ነው፣ እናቴን ለኔ አላመነችኝም ብሏታል። እኔም በበኩሌ አንዴ ጠይቆ እግሬ አውጪኝ ላለ ሰው የምደውልበት ምክንያት አልታየኝም። እሱም አልደወለም። እንዲሁ ተኳርፈን ከረምን።

የወንድሜ ሚስት የጥርስ ሕክምና ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት። ጉንጫቸው አብጦ የሚመጡትን ስታረጋጋ፣ ጥርሳቸው ተነቅሎ የሚወጡትን ስታጽናና ስለምትውል የማትታክተው ነገር የለም። እናቴን ልትጠይቅ መጥታ ሳለ ጨዋታችሁን ኮምፒውተሬ ላይ ጫነችልኝ፤ በባሏም ላይ እንደጫነችበት ነገረችኝ። አፋችን አልከፈት ካለ እጃችን እንኳ ይነጋገር ብላ ነው። እንግዲህ እኔ መድኃኒት ቀማሚዋ ሆንኩ፤ ወንድሜ ጋሻ ያዡ ሆነ። ከባሕሩ ዳር የተቀበልነውን የማይጠፋ ፍም ይዘን፣ በተራራው ጫፍ ጠፍቶ የቆመውን የመብራት ማማ እንድናበራ አዘዛችሁን። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ እናቴ ትራስ ተደግፋ አጠገቤ በተቀመጠችበት፣ መንገዳችንን ጀመርን።

በጨዋታችሁ ውስጥ ሁለት ተጓዦች የሚነጋገሩት በአራት ቃላት ብቻ ነው፤ እንሂድ፣ እንቁም፣ አመሰግናለሁ፣ ተጎድቻለሁ። ለዚህ ቁጥብነታችሁ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ከአራቱ ውስጥ «ይቅርታ» የሚል ስላልነበረበት ለሁለታችንም በጣም ተመቸን።

ዘንዶ ሲበላን፣ ሽፍታ ሲወጋን፣ ጎርፍ ሲወስደን አንድም ቀን ቅር ብሎን አያውቅም። ዘንዶ ሥራው ነው። ተሸንፈን ወደ ምዕራፉ መጀመሪያ ስንመለስ እንደ ሰው ተነስተን እንሄድ ነበር። ቅሬታዎቼ ከዚህ ውጪ ያሉትን የሚመለከቱ ሲሆን፣ በትሕትና እንደሚከተለው ተዘርዝረዋል።

፩ኛ. ከተማው በር ላይ ስንደርስ ዘበኛውን ሰላም አልኩት። ስለ ልጆቹ ጠይቂ፣ ስለ እግሩ ቁስል ጠይቂ፣ ስለ ሚስቱ ጠይቂ የሚሉትን ምርጫዎች የደረደራችሁልኝ እናንተ ራሳችሁ ናችሁ። እግሩ መቁሰሉን ነግራችሁኝ፣ ሳልጠይቀው እንዳልፍ ነበር የታሰበው? ጠየቅኩት። ሚስቱም ታማበት ኖሯል፤ ስለ እሷም ጠየቅኩት። በዚህ መሐል ፀሐይ ጠለቀችና ያው ዘበኛ፣ አሁን የሚስቱን ሕመም ሲያጫውተኝ የነበረው ሰው፣ በሩን ፊታችን ላይ ጠረቀመው። ከጫካው ተኩላ ወጣ። ስክሪኑ ላይ «በወሬ ብዛት ሞታችኋል» ተብሎ ተጻፈ። የወንድሜ ጋሻ ያዥ ያን ሁሉ ጊዜ ከጎኔ ቆሞ እንሂድ፣ እንሂድ፣ እንሂድ ሲል ነበር። በዚህስ አልፈርድበትም፤ ልጅ ሆኖ ገበያ ስወስደውም እንደዚያው ነበር።

፪ኛ. ዘንዶውን ገደልን። ጥሩ ዘንዶ ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የወንድሜ ካባ በደም ተነክሮ ነበርና ባደርንበት ቤት ገንዳ፣ ሳሙናና ቀዝቃዛ ውሃ አስቀምጣችሁ «ካባውን እጠቢ» የሚል ምርጫ አሳያችሁኝ። ልብስ አጣቢ ፊት ደም የነካው ልብስና ሳሙና አኑሮ ጣጣ አይመጣም ብሎ የሚያስብ ሰው ከየት ይገኛል? ደግሞም በቀዝቃዛ ውሃ መሆኑን ሳይ የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነው ብዬ አክብሬያችሁ ነበር፤ ደም ሙቅ ውሃ ከነካው ይዞ ይቀራልና። ነጭ እስኪል ፈትጌ አጠብኩት። በማግስቱ ንጉሡ ዘንዶውን ለመግደላችን ማስረጃ ጠየቀን። ማስረጃው ደሙ ኖሯል። ውሸታሞች ተብለን ሁለታችንም ተሰቀልን። ይህንን ለሥራ ባልደረባዬ ሳጫውታት የያዘችው የአንሶላ ጫፍ እስኪያመልጣት ሳቀች፤ አንሶላው መሬት ነክቶ እንደገና ታጠበ። ለዚህ አንድ ተጨማሪ እጥበትም አመሰግንዎታለሁ።

፫ኛ. የወንድሜንም በደል ልጨምር፤ ብንኳረፍም ወንድሜ ነው። ወደ ቤተ መንግሥቱ የላይኛው ግንብ የሚያወጣው በገመድ የሚጎተት ሳጥን ነበር። አጠገቡ «ገመዱን ፈትሽ» የሚል ምርጫ አለ። ሊፍት ጠጋኝ ሳይፈትሽ አይሳፈርም። ፈተሸ። ለመሳፈር ስንል ደግሞ ፈተሸ። ከተሳፈርንም በኋላ እየወጣን ሳለ ፈተሸ። ገመዱ በፍተሻ ብዛት ተበጠሰ። ወደታች ስንወርድ ከአራቱ ቃላት የሚስማማውን ባጣ «አመሰግናለሁ» የሚለውን ተጫንኩ። ወንድሜም በአየር ላይ እንዳለ «አመሰግናለሁ» ብሎ መለሰልኝ። ከተኳረፍን ወዲህ የተቀላለድነው ያን ጊዜ ነበር። ብቻዬን ስስቅ እናቴ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ።

፬ኛ. ይህኛው እናቴን ይመለከታል። እናቴ ስክሪኑ ላይ ያ ጋሻ የያዘው ማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ልጅሽ ነው አልኳት። ዓይኗን አጥብባ አየችውና በልቷል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በጨዋታችሁ ለጓደኛ ከስንቅ ማካፈል እንደሚቻል ያወቅኩት ያኔ ነው። አንድ ጊዜ ሰጠሁት። ጨምሪለት አለችኝ። ጨመርኩለት። የሰው ልጅ በዚያ በላ ይባላል እንዴ አለችኝ። እንዲህ እንዲህ እያልን ስንቃችንን ጨረስንበት። በዚያው ምዕራፍ ከታሰርንበት እስር ቤት በምናመልጥበት ጠባብ መስኮት ሲደርስ ወንድሜ ግማሽ አካሉ ውጪ፣ ግማሽ አካሉ ውስጥ ሆኖ ተቀርቅሮ ቀረ፤ ጠባቂዎቹ ከበስተጀርባው ደረሱበት። እናቴ እስካሁን የሚመስላት ቀጭን ስለሆነ የተያዘ ነው።

ሆኖም ወንድሜ ሞኝ አይደለም። በዓለም ላይ እንዲህ አድርጎ የሚያጎርሰው ሰው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ እናቱ አጠገቤ ተቀምጣ እያየችው መሆኑን ተረዳ። ምዕራፉን እንደጀመርን ባለበት ቆመና «ተጎድቻለሁ» የሚለውን ተጫነ። የጤናውን መለኪያ አየሁት፤ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ አንድ ጭረት የለበትም። ደግሞ «ተጎድቻለሁ» አለ። መድኃኒት ሰጠሁት። ደግሞ «ተጎድቻለሁ» አለ። ምን ላድርግ፣ በከረጢቴ የነበረውን ቅጠል ሁሉ አውጥቼ ሰጠሁት። ከዚያ እኔም «ተጎድቻለሁ» ብዬ ተጫንኩ፤ የእኔም ጤና ሙሉ ነበር። ጨዋታችሁ በዚህ ጊዜ ምንም ሳያደርግ ዝም ብሎ ቆሞ ስለጠበቀን አመሰግናለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለችው ሽሙጥ የሌለባት ምስጋና ይህች ብቻ ስለሆነች፣ ከሌሎቹ ጋር እንዳትቀላቀል በጥንቃቄ ለይተው ያስቀምጡልኝ።

፭ኛ. ይህን ቅሬታ ልበለው ምኞት አላውቅም። በተራራው ግርጌ ባለው የእንግዳ ማረፊያ የላባ ፍራሽ ያለው አልጋ ነበር፤ «ተኚ» ይላል፤ ተኛሁ። «ጥቂት ጨምሪ» ይላል፤ ጨመርኩ። ከዚያ ስክሪኑ ቀስ ብሎ ጨለመና «ጀግናዋ ተመችቷት ቀረች፤ ጨዋታው አብቅቷል» የሚል ተጻፈ። ሌላው ተጫዋች እዚህ ላይ ተናዶ ጠረጴዛ ይመታ ይሆናል። እኔ ግን እጄን አገጬ ላይ አድርጌ ያችን ሴት ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ማንም አንሺኝ ሳይላት ስትተኛ ቁጭ ብዬ አየኋት። እንደገና ጀምሪ የሚለውን ለመጫን ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ወንድሜ ወዲያ ማዶ ሆኖ ብቆይበት ጊዜ «እንሂድ» ማለት ጀመረ፣ ተነሳሁ። እናቴም መነሳት ፈልጋ ነበር።

የሚቀጥለው ቁጥር አይሰጠውም፤ ከሌሎቹ ተርታ ላሰልፈው አልቻልኩምና።

ከበረዶው ማለፊያ በኋላ የሚሸነፍ ወደ ምዕራፉ መጀመሪያ ተመልሶ መሞከር እንደማይችል አስጠንቅቃችሁናል፤ በዚህ አልከስም። ተጠንቅቀን ወጣን። ማንንም ሰላም አላልኩም፣ ምንም አላጠብኩም፣ ወንድሜም ምንም አልፈተሸም። እናቴ እንኳ ስለ ምግብ ዝም ብላ ነበር። ማማው ከሩቁ መታየት ጀመረ። ፍሙን የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ፤ በረዶው እስከ ጉልበቴ ደርሶ፣ የጤናዬ መለኪያ ጭል ጭል ማለት ሲጀምር፣ የወንድሜ ጋሻ ያዥ ወደ እኔ ዞረና ስክሪኑ ላይ «ጓደኛሽ ሸክምሽን ልቀበልሽ ይላል» የሚል መጣ። ከሥሩ ሁለት ቁልፍ፤ እሺና አይ።

የተከበሩ ኃላፊ፣ እሱም እኮ ደክሞታል። የእሱም መለኪያ ቀይ ሆኗል፤ አየሁት። ታናሼ ነው፣ እኔ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው። አይ የሚለውን ተጫንኩ። ደግሞ እንዲጠይቀኝ ነበር የጠበቅኩት፤ ሲደግም እሺ ልል ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ነበር። እናንተ ግን ለመድገም ፋታ አልሰጣችሁትም። «ጓደኛሽን አላመንሽውም። ኅብረታችሁ ፈርሷል። ሁለቱ ተጓዦች ዳግም አይገናኙም» ብላችሁ ጻፋችሁ። ለእኔስ ይሁን። ለእሱ የጻፋችሁለትን ግን ሚስቱ ነገረችኝ፤ «ጓደኛህ አላመነችህም» ነው የሚለው። ሰውየው ይህንኑ ነገር በራሱ አፍ ሲለው የከረመ ነው፤ አሁን በእናንተ ማኅተም ጸደቀለት። ሚስቱ እንደምትለው ኮምፒውተሩን ዘግቶ፣ ቀስ ብሎ ተነስቶ፣ መሣሪያዎቹን ሲወለውል ዋለ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ብገባ ከጎኔ ማንም የለም። እናቴ ልጄ የት ሄደ ትለኛለች፤ ሥራ ላይ ነው እላታለሁ።

ልቤ ውልቅ ብሏል፤ ስለዚህ ጥያቄዬን አጭር አደርገዋለሁ። ተኩላችሁን፣ ንጉሣችሁንና ገመዳችሁን አንሱልኝ አላልኩም። የምለምነው፣ ጨዋታችሁ አንድን ሰው አይ ሲል ሰምቶ ከመፍረዱ በፊት ደግሞ እንዲጠይቅ ነው። ለምን ቢሉ፣ ከኛ መካከል በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ የሚል ሰው ቢገኝ ቤተሰቡ አሞት ነው ብሎ ሐኪም ዘንድ ይወስደዋል። ይህ ለማሽኖቻችሁ ከባድ ከሆነ ደግሞ፣ ከወንድሜ ስክሪን ላይ ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ አጥፉልኝ። እኔ አላልኩትም፤ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

ጊዜዎን ወስደው ይህን እስከዚህ ካነበቡ፣ በትዕግሥትዎ ከጨዋታዎ እጅግ የሚሻሉ ሰው መሆንዎን በታላቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ለሰው ልጅ ሽንፈት የሚያደርጉት ያልተቋረጠ ትጋት ፍሬ እንዲያፈራ፣ እርስዎም ወደ ቤትዎ ሲገቡ በርዎ ላይ ዘበኛ እንዳይዘጋብዎ፣ ካባዎ ነጭ፣ ገመድዎ ጽኑ፣ አልጋዎ ምቹ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ደክሞኝም ቢሆን ቆሜ እጅ እነሳለሁ።

በወሬ ብዛት የሞተችው፣ በንጽሕናዋ የተሰቀለችው፣
አክባሪዎ መድኃኒት ቀማሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን አጥፌ (ማጠፍ ሥራዬ ነው) ልልክልዎ ስዘጋጅ፣ እሑድ ከምሳ በኋላ በሬ ተንኳኳ። ወንድሜ ነበር፣ የመሣሪያ ቦርሳውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ። በሩ ላይ ቆሞ የነገረኝ ይህን ነው። ብስጭቱ አልወጣለት ቢል ጨዋታውን እንደገና ብቻውን ጀምሮ ነበር፤ ጓደኛ ለሌለው ተጫዋች ማሽኑ የሚያንቀሳቅሳት አንዲት መድኃኒት ቀማሚ ስለምትሰጡት ከእሷ ጋር ወጣ። በረዶው ላይ ሸክምሽን ልቀበልሽ ቢላት፣ ሴትየዋ ዓይኗን ሳታሽ እሺ ብላ ፍሙን አስታቅፋው መንገዷን ቀጠለች። አንተስ አልደከመህም እንኳ አላለችው። ወንድሜ እንደሚለው እጁን ከቁልፉ ላይ አነሳ፤ እህቴ እኮ እንዲህ ብላ አታውቅም ብሎ አሰበ። ያች አሳዳጊ የበደላት ሴት እኔን አስታወሰችው ማለት ነው፤ ለፈጠራት ሰው ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ከዚያ፣ «እትዬ፣ እማዬን እኔ ጋ ልውሰዳት?» አለኝ።

አፌ አመሉ ነውና «አይ፣ አንተ ደግሞ ምን በወጣህ» አለ። ዓይኔ ወደ ጫማው ሄደ። ጎንበስ ሲል ክሩን ሊያስር መሰለኝ። እሱ ግን ክሩን ፈታ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ገባ። «ደግሜ እየጠየቅኩሽ ነው» አለኝ። አይ አልኩት። «እምቢ ካልሽ እቀየምሻለሁ» አለ። እሺ አልኩት። እናቴ ከውስጥ ማን ነው ብላ ጠየቀች፤ መልስ ሳትጠብቅ፣ በልቷል ወይ አለች። ከመሄዳቸው በፊት አንሶላዋን ስቀይር ያኛውን ጫፍ ወንድሜ ያዘልኝ። ማጠፍ አይችልበትም፣ ግን ያዘልኝ።

እናቴ ወንድሜ ጋ ሄዳለች። ይህን የመጨረሻ መስመር የምጨምርልዎ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ነው፤ እሑድ ነው፣ ገና ከሰዓት ነው። በእርስዎ ሕግ ጀግናዋ ተመችቷት ቀርታለችና ሽንፈቴን ያለ ክርክር ይመዝግቡልኝ። የደንበኞች አገልግሎትዎ መልስ ይዞ ወደ ቤቴ ብቅ ካለ ቀስ ብሎ ያንኳኳ። ባልከፍትለት አልፈልግህም ማለቴ አይደለምና፣ ደግሞ ያንኳኳ።